ከአየር መንገዳችን በ11 ቀን የሚያንሰው አየር መንገድ ለምን ሞተ?

መነሻ ጽሑፍ

የአጎቴን የወረቀት ሣጥን ሳስተካክል አንድ ያረጀ የትኬት ማቀፊያ አገኘሁ። ላዩ ላይ ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ ይላል። ውስጡ ባዶ ነው። ቤት ያሉትን ልጆች ጠየቅኳቸው፤ የኬንያ አየር መንገድ የድሮ ስሙ መስሏቸዋል። አይደለም። የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ የጋራ አየር መንገድ ነበር። በ1977 ሞተ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው። በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

የገረመኝ ዕድሜው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ዲሴምበር 21 ቀን 1945 ነው። ኢስት አፍሪካን ሥራ የጀመረው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1946። በመሀላቸው 11 ቀን ብቻ ነው፤ መንትያ በሏቸው። እንዲያውም ጄት በማብረር ቀድመውናል። እነሱ ኮሜት 4ን በ1960 ሲያስገቡ፣ የእኛ ቦይንግ 720 የመጣው በ1962 መጨረሻ ነው። ታዲያ አንዱ እስከ ዛሬ ይበራል፣ ሌላው ትኬት ማቀፊያው ብቻ ቀረ።

የእኔ ግምት ቀላል ነው። ባለቤቱ በዛ። የሦስት ቤት ላም ሆነ። ወተቱን ሁሉም ይፈልጋል፣ ሣሩን ግን ማንም አያመጣም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

መልሶቹ

ሠላሳ ሁለት መልስ መጣ። እንዲህ ይበዛል ብዬ አልጠበቅኩም። ዘግይተው ለገቡ ሰዎች እንዲመች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እተርካለሁ። አንዳንዱን እዘላለሁ፤ ለምን እንደዘለልኩት ስትደርሱበት ይገባችኋል።

1ኛው መልስ ናይሮቢ ከሚኖር ወንድም ነው። በጣም ጨዋ ሰው ነው። አመሰገነና ታሪኩን ከኔ ወደ ኋላ ወሰደው። ነገሩ የሚጀምረው ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን በተባለች ሴት ነው። በ1929 ናይሮቢ ውስጥ ዊልሰን ኤርዌይስን አቋቋመች። በ1939 ጦርነቱ ሲነሳ አውሮፕላኖቿ ለውትድርና ተወሰዱ፣ ድርጅቱም በዚያው ተዘጋ። ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚነሱበት ዊልሰን ኤርፖርት ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች የሚያስተዳድሯቸው አገሮች በጋራ አዲስ ድርጅት ሲመሠርቱ በስድስት ድራጎን ራፒድ ተጀመረ። ድራጎን ራፒድ ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ፎቶውን ያየ ሰው በዚህ ተሳፍሮ ሞምባሳ መድረስ ድፍረት ነው ማለቱ አይቀርም።

2ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። እኩል ሦስት ቦታ ነበር ወይ የተካፈሉት? 3ኛው መለሰለት። እኩል አልነበረም፤ ሦስትም አልነበሩም። ሲጀመር አራት ነበሩ። ኬንያ 67.7 በመቶ፣ ኡጋንዳ 22.6 በመቶ፣ ታንጋኒካ 9 በመቶ፣ ዛንዚባር 0.7 በመቶ። ታንጋኒካና ዛንዚባር በ1964 ተዋሕደው ታንዛኒያ ሆኑ። ሰውየው ቁጥሩን ጥሎ ሄደ። በኋላ የተነሳው ጠብ ክብሪቱ ይህ ቁጥር እንደሆነ ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

4ኛው መልስ የአንድ አባት ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ኢስት አፍሪካንን የሚያውቁት በአንድ ቀን ብቻ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም.። ማክሰኞ ነበር፣ ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ተማሪ ነበሩ። ከቦሌ በኩል ጥቁር ጭስ ሲወጣ አይተው ከጓደኞቻቸው ጋር ሮጡ። ፖሊስ ስለመለሳቸው ብዙ አልቀረቡም። እሳቸው የሰሙት ሞተሩ ውስጥ አሞራ ገብቶ ነው። የጻፉት በጥንቃቄ ነው። ለሞቱትም ነፍስ ይማር ብለዋል።

5ኛው ወዲያው መጣ። የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ ይላል፣ አጻጻፉም ያሳምናል። ጋሼን አረማቸው፤ ግን እጁ ትንሽ ከበድ አለ። የወሬ ታሪክ መጻፍ ይቅር ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን የዚህ ውይይት ምርጡ መልስ ስለሆነ በሰፊው እነግራችኋለሁ።

አውሮፕላኑ ሱፐር ቪሲ-10 ነው። ከናይሮቢ ተነስቶ በአዲስ አበባና በሮም በኩል ለንደን የሚሄድ። በመንደርደር ላይ እያለ ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ፈነዳ። ያፈነዳው አሞራ አይደለም። የብረት ቁራጭ ነው። ቀደም ብላ ከተነሳች ሴስና አውሮፕላን ወድቆ የቀረ፣ ክሪክ ሲገባ የሚያርፍበት ብረት። ሠራተኞቹ መነሳቱን ትተው ለማቆም ሞከሩ። ሁለተኛው ጣጣ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የፍሬኑ አንድ ክፍል ቀደም ሲል ተፈትቶ ሲገጠም በትክክል አልተገጠመም። ስለዚህ ፍሬኑ ሙሉ ኃይሉን አልሰጠም። አውሮፕላኑ መንደርደሪያውን ጨርሶ ከጫፉ ወደ ታች ወረደና ተቃጠለ። ከ107 ሰው 43ቱ ሞቱ። ከ11ዱ ሠራተኞች ስምንቱ ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው። መካኒኩ አንድ ነገር ጨመረ። ጎማ ይፈነዳል፣ ያጋጥማል። ሰውን የሚገድለው ዕቃው ተፈትቶ ሲገጠም የተሠራው ስሕተት ነው። ይህን ሲጽፍ የራሱን ሥራ እያሰበ እንደሆነ ያስታውቃል።

6ኛው ደግሞ መካኒኩ ላይ ወረደበት። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይናገሩም፣ ሼም ነው ዓይነት መልስ ነው። ስለ አውሮፕላኑ አንድ ቃል የለውም። 7ኛው ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ተመለሱና እርማቱን በደስታ ተቀበሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አሞራውን ሲኮንኑ መኖራቸው እንዳሳቀቃቸው ጻፉ። እኔ ብቻዬን ሳቅኩ። 8ኛው የመካኒኩ ይቅርታ ነው። በአንቱታ ተመልሶ መጣ።

9ኛው ድርጅቱን የገደለው ይኸው አደጋ ነው የሚል ድምዳሜ ሰጠ። 10ኛውን እኔ ነኝ የጻፍኩት። አይደለም። ከአደጋው በኋላ ወደ አምስት ዓመት በርሯል። የቀሩት አራት ቪሲ-10ዎች ነበሩት፣ አዳዲስ ዲሲ-9ም ነበሩት። አደጋ አየር መንገድን ያደማል እንጂ ብቻውን አይቀብርም።

ከ11 እስከ 14 ያለው ስለ ቪሲ-10 ውበት ነው። ምን አድርጎላቸው እንደሆነ እንጃ፣ ይህን አውሮፕላን የሚወዱ ሰዎች ፍቅራቸው የተለየ ነው። አራቱም ሞተሮች ከኋላ ናቸው። ስለዚህ ፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ጩኸቱን አይሰማም። የተሠራውም ለሞቃትና ለከፍታ ቦታ ነው። ናይሮቢ 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። እንዲህ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ቪሲ-10 ይህን ታስቦ ተሠራ። በጠቅላላው የተሠሩት ግን 54 ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው የተሸጠው ደግሞ ለኢስት አፍሪካን ነው። 14ኛው ሰው በዚያ ዘመን ምሳ ምን ይቀርብ እንደነበር ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

15ኛው ነገሩን ወደ ቁም ነገር መለሰችው። ሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ታንዛኒያ ውስጥ አሩሻ ሠርታለች። የኔን ላም ጥላ በዕቁብ አስረዳች። እውነቱን ለመናገር የሷ ይሻላል።

በ1967 ሦስቱ አገሮች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን በውል መሠረቱ። ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ ሆነ። አራት የጋራ ድርጅቶች ነበሩ። ባቡርና አየር መንገዱ ናይሮቢ ቀሩ፣ ወደቡ ዳሬሰላም፣ ፖስታና ቴሌኮሙ ካምፓላ። ከሁሉም በላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ሦስቱ ፕሬዚዳንቶች አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው። በጃንዋሪ 1971 ኡጋንዳ ውስጥ ኢዲ አሚን ፕሬዚዳንት ኦቦቴን ገልብጦ ሥልጣን ያዘ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአሚን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ መሪዎች በዚያ ጉባኤ ተገናኝተው አያውቁም። ልጅቱ እንዳስቀመጠችው ዕቁቡ ዳኛ አጣ ማለት ነው። ጣይ አለ፣ ዕጣ አለ፣ የሚጠይቅ ግን የለም። አንዱ ባይጥልስ ማን ይከሰዋል? ለማን ይከሰሳል? ገንዘቡ በየአገሩ ይሰበሰባል፣ ናይሮቢ ግን አይደርስም። ነዳጅና ደመወዝ ግን በየወሩ ይጠይቃል።

ይህን እንዳነበብኩ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። ጠብ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

16ኛው ለኬንያ ቆመ። ኬንያ ብቻዋን ተሸክማ ደከማት ባይ ነው። የለንደን መስመር ያመጣውን ትርፍ ታንዛኒያ ውስጥ ባዶ የሚበር ዳኮታና ፎከር የሚባል አውሮፕላን በላው ይላል። 17ኛው ለታንዛኒያ ቆመ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ፣ ጥገናው ናይሮቢ፣ ሥራው ናይሮቢ፣ ቱሪስቱ የሚወርደው ናይሮቢ። ዳሬሰላም የደረሳት ስሙ ነው ይላል። ያ 3ኛው ሰው የጣለው ቁጥር እዚህ ተመዘዘ። 67.7 በመቶ ያለው 67.7 በመቶ ቢያገኝ ምን ይገርማል የሚል አንድ፣ ለ9 በመቶ አገሬን አላስደፍርም የሚል ሌላ። ሁለቱም ሐበሾች ናቸው፤ አንዱ ዳላስ ነው ያለው። ለኬንያና ለታንዛኒያ እንዲህ የሚሞቱ ሰዎች መኖራቸውን አገሮቹ ቢያውቁ ደስ ይላቸው ነበር። 18ኛው ተሰርዟል። 19ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ማስጠንቀቂያ ነው።

የኔን ሐሳብ ያስለወጠኝ 20ኛው ነው። ስቶክሆልም ይኖራል። ረጋ ብሎ አንድ ነገር ብቻ አስታወሰ። የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስም በዚያው በ1946 ነው የተመሠረተው፣ በኦገስት። የሦስት አገሮች ነበር። ስዊድን ሦስት እጅ፣ ዴንማርክ ሁለት፣ ኖርዌይ ሁለት። እስከ ዛሬ ይበራል። ባለቤት መብዛት ይገድላል ካልን ይህ እንዴት ሳይሞት ቀረ? 21ኛው ከሌላ አቅጣጫ መታኝ። አንድ ባለቤት ያለውም ይሞታል። ኢስት አፍሪካን ሲፈርስ ኡጋንዳ የራሷን አየር መንገድ ይዛ ወጣች። በ2001 እሱም ተዘጋ። እንደገና የበረረው በ2019 ነው።

ልክ ናቸው። የላሟን ምሳሌ ትቻለሁ። ስዊድን ከእያንዳንዳቸው ትበልጥ ነበር፣ ግን ሁለቱ ቢያብሩ ይበልጧት ነበር። ኬንያ ግን ሁለቱም ተደምረው እሷን አይደርሱባትም። ድምፅ ሲቆጠር ሦስት ናቸው፣ ገንዘብ ሲቆጠር ግን አንድ ናት። በዚያ ላይ የካፒታሊስት ናይሮቢና የኡጃማ፣ ማለትም የታንዛኒያ ሶሻሊዝም፣ ዳሬሰላም ኑሮ ለየቅል ነው። አየር መንገድ ለአንዱ ትርፍ ማምጫ፣ ለሌላው ገጠርን ማገናኛ ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ተቀምጦ ካልተነጋገሩበት ምን ያስታርቀዋል? መቀመጡ ነው የቀረው። ለዚህ ነው የዕቁቡን ምሳሌ የመረጥኩት።

22ኛዋ ከባህሬን ናት። እዚያ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ገልፍ ኤርን አነሳች። የአራት ነበር፤ የባህሬን፣ የኳታር፣ የአቡ ዳቢና የኦማን። ኳታር በ2002 ወጣች፣ አቡ ዳቢ በ2005፣ ኦማን በ2007። ባህሬን ብቻዋን ቀረች። የሷ ነጥብ ደስ አለኝ። እዚያ ማንም ድንበር አልዘጋም። የራሱን አየር መንገድ ያቋቋመ በጊዜው ወጣ፣ ስሙም አልሞተም። ፍቺም ዓይነት አለው። ከዚያ ግን ወሬው በዚያ አገር ሻንጣ ስንት ኪሎ ይፈቀዳል ወደሚል ዞረና 23 እና 24 በኪሎ ጭቅጭቅ አለቁ።

25ኛው ኤር አፍሪክን በአንድ መስመር ጠቀሰ። በ1961 በ11 የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ተቋቁሞ በ2002 ፈረሰ። ቀጥሎም የኛው አየር መንገድ የቶጎው አስካይ አየር መንገድ ውስጥ፣ የማላዊውም ውስጥ ድርሻ አለውና ነገ እኛም ዕቁብ ውስጥ ነን ወይ ብሎ ሰጋ። 26ኛው፣ መካኒካችን፣ መለሰለት። እነዚያ መንግሥት ለመንግሥት የተጋባባቸው አይደሉም። አንድ አየር መንገድ ገንዘብና ሥራ አመራር ይዞ በሌላው ውስጥ መግባቱ ነው። ቢከስር ይወጣል። አጥጋቢ ነው፤ ምንም እንኳ ሁሉንም ባያሳምን።

27ኛው መጨረሻውን የነገረን ነው። ያው የመጀመሪያው የናይሮቢ ወንድም። ኬንያ ዕዳ ይከፈል አለች። አልተከፈለም። በጃንዋሪ 1977 አገልግሎቱ መቆም ጀመረ። ጃንዋሪ 22 ቀን ኬንያ ኤርዌይስ ተቋቋመ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን ደግሞ ከአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ በተከራያቸው ሁለት ቦይንግ 707 በረራ ጀመረ። ታንዛኒያ በዚያው ወር ድንበሩን ዘጋች፤ ኬላው እስከ 1983 መጨረሻ አልተከፈተም። መሬት ላይ የተያዘው አውሮፕላን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ቪሲ-10ዎቹ ራሳቸው በሦስት አገር ምልክት የተመዘገቡ ነበሩ። አንዱ 5ኤክስ ብሎ ኡጋንዳዊ፣ አንዱ 5ኤች ብሎ ታንዛኒያዊ፣ አንዱ 5ዋይ ብሎ ኬንያዊ። ቦሌ የተቃጠለው የኡጋንዳ ምልክት የያዘው ነው።

የማኅበረሰቡ ንብረትና ዕዳ የተከፋፈለው በ1984 አሩሻ ላይ ነው። ሽማግሌው ቪክቶር ኡምብሪክት የሚባሉ ስዊዛዊ ነበሩ። ኬንያ 42፣ ታንዛኒያ 32፣ ኡጋንዳ 26 በመቶ። 28ኛው፣ ያቺ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ይህን ቁጥር አይታ ዝም ብላ አላለፈችም። ንብረት በመቶኛ ይከፈላል፣ ጡረታ ግን በሰው ነው የሚከፈለው። ታንዛኒያ ውስጥ የጋራ ድርጅቶቹ ሠራተኞች የነበሩ ሽማግሌዎች ለጡረታቸው ፍርድ ቤት ሲመላለሱ፣ አደባባይ ሲቀመጡ ብዙ ዓመት አለፈ። ልጆቻቸው የቀጠሉትም አለ። መሪዎቹ በ1999 አዲሱን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውል ሲፈርሙ እነዚህ ሰዎች ገና ያን የጥንቱን ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። በዚህ መልስ ላይ ማንም አልቀለደም። ዳላሱም ዝም አለ።

29ኛው አውሮፕላኖቹስ የት ገቡ አለ። መካኒኩ በ30ኛው መለሰ። አራቱን ቪሲ-10ዎች የእንግሊዝ አየር ኃይል ገዛቸው። አየር ላይ ነዳጅ የሚያቀብሉ ቦቴዎች አደረጓቸው። አንዷ በሴፕቴምበር 25 ቀን 2013 ከቪሲ-10ዎች ሁሉ የመጨረሻውን በረራ አደረገች። ሌላዋ፣ 5ኤች-ኤምኦጂ ትባል የነበረችው የመጨረሻዋ ምርት፣ አንድ ቀን ቀድማ እንግሊዝ ውስጥ ደንስፎልድ የሚባል ቦታ አርፋ ቀረች። ድርጅቱ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ አውሮፕላኖቹ ይበሩ ነበር ማለት ነው።

31ኛዋ እንግሊዝ የምትኖር እህት ናት። ደንስፎልድ ሩቅ አይደለም ከሷ። ከዓመታት በፊት በአንድ የአየር ትርዒት ቀን ልጆቿን ይዛ ሄዳ ነበር። አውሮፕላኗን አይታታለች፤ ግን የማን እንደነበረች የሰማችው ከዚህ ውይይት ነው። ሙሉ በሙሉ ግራጫ ቀለም ተቀብታለች። ሥሯ ገብታ ፎቶ ተነስታለች። ትንሹ ልጇ ጎማውን አቅፎ አልለቅም ብሎ አስቸግሯታል።

32ኛው የጋሼ ነው። ፎቶው ላይ ልጁ ያቀፈው የፊቱን ጎማ ነው ወይስ የኋላውን፣ የፊቱ ከሆነም ስንት ጎማ ነው ብለው ጠየቋት። ስሟን ስለማያውቁ ልጄ ብለው ነው የጻፉላት። በኢሜይል አረጋግጣ ነገረችኝ፤ ጋሼ እንዲያዩት እዚህ አስፍሬዋለሁ። የፊቱ ነው። ሁለት ጎማ ነው።